ይበልጣልን ክርስትና ለማስነሣት ወደ ቡሬ

ከቡሬ ከተመለስሁ ወዲህ ያገሬ ሰው ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል። ቋሪት ደጋ ተወልዶ፣ ደጋ አርሶ፣ ደጋ የሚቀበር ሰው ቆላውን የሚያውቀው በወሬ ነው። እኔም ስለ ገበያው፣ ስለ ጣሊያን መንገድ፣ ስለ ካሚዮኑ እያወራሁ ሳስቀው ቆየሁ። "ልጁስ?" የሚል ሰው ሲመጣ ግን ጥጃ ጠፍቶብኛል ብዬ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። ሰው መቼም ሞኝ አይደለም፤ ጥጃዬ ይህን ያህል እንደማይጠፋ ያውቃል። ይኸው ጣሊያንም ወጣ፣ አገሩም ረጋ፣ እኔ ግን አልረጋሁም። ስለዚህ በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ባገኘኋት ጽሕፈት አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ልጻፈው አልሁ። ያነበበ ለማያነበው ይንገርልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ደብራችንን አቃጠለና ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ገደል ወርደው ተደበቁ። በዚያው ሰሞን ሚስቴ የሻረግ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሴት ልጃችን ከውዴ በኋላ ሁለት ወንዶች ሞተውብን ስለነበር ይህንን ይበልጣል አለችው። ወንድ ልጅ እንግዲህ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። ቡሬ የሚኖረው የእህል ነጋዴው ወዳጄ ዘለቀ ደግሞ ልጁ ገና በሆዷ ሳለ "ወንድ ከሆነ ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ" ብሎኝ፣ እኔም "እንዳልህ" ብዬ እጁን መትቻለሁ። አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ የማያንስ ነው። አማቴ "ጎረቤት ደብር ቄስ አለ፣ እዚያው አስጠምቁት፤ የአራስ ቤት ልጅ ቆላ አይወርድም" ብለው ለመኑኝ። እኔ ግን ዘለቀን ሳስብ፣ ድግሱንም ሳስብ፣ የሰው ደብር ጥግ ላይ እንደ ድሃ ልጅ አስጠምቄ መመለስ አልዋጥልህ አለኝ።

ሰኞ፣ በተወለደ በሠላሳ አምስት ቀኑ ተነሣን። ዓርብ ማታ ቡሬ ገብተን ቅዳሜ አርባው ሲሞላ ይጠመቃል ብዬ ቆጥሬአለሁ። የሻረግ ልጁን ታቅፋ በበቅሎ፣ የስድስት ዓመቷ ውዴ በፊተኛዋ አህያ ጭነት ላይ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አለምነህ በእግራችን ሆንን። ሁለቱ አህዮች ለድግሱ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ጉንዶ ማር ጭነዋል።

ቁልቁለቱን ስንጀምር የኋለኛዋ አህያ ጭነት ወደ ፊት ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ተቀመጠ። አለምነህ ሮጦ ሊይዝላት ሲል ስልቻው ተፈትቶ ዱቄቱ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጉልበቱ ወረደበት። ቆሞ ዓይኑን ብቻ ያርገበግባል። የሻረግ እንዲያ ስትስቅ ከተጋባን አይቻት አላውቅም፤ በቅሎዋ እስክትደነግጥ ሳቀች፣ ልጁም ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። የተረፈውን ዱቄት ከነአፈሩ አፍሰን ጫንነው።

ሲመሽ አንድ አጥር በር ላይ ቆመን "የመሸበት እንግዳ አሳድሩ" አልን። ባልቴት ናቸው የወጡት። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ከየት ነህ፣ የማን ነህ ይባላል፤ የጣሊያን ጊዜ ከሆነማ ሰላይ ይሆናል ተብሎ እንደ ደመኛ ነው የሚታየው። እሳቸው ግን አስገቡን፣ የሁላችንንም እግር አጠቡ፣ ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡ፣ ስማችንን የጠየቁን በልተን ከጠገብን በኋላ ነው። መደባቸውን ለየሻረግ ለቀው እሳቸው ከጥጆቹ ጎን ተኙ። "ኧረ አይሆንም" ብላቸው "አንተ ዝም በል፣ አራሷን ነው ያስተኛሁ" አሉኝ።

ማክሰኞ የብርን ወንዝ ዳር ይዘን ዋልን። ወንዙ በቀኝ፣ ኑግ በግራ፤ ኑጉ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ነው። ደጋ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ማሳ አላየም። ሙቀቱ ግን ለጠላት አይስጥ። እኛ በጥቅምት ሁለት ጋቢ ደርበን የምንቀመጥ ሰዎች፣ እዚያ በእጀ ጠባብ ላብ አጠመቀን። በየመንደሩ የሚቀርበው እንጀራ የዳጉሳ ነው፤ መልኩ ጥቁር፣ ሲበሉት ደግሞ ጥሩ። አለምነህ "አያ፣ ይኸ እንጀራ ነው ወይስ ጭቃ?" ብሎ ጀምሮ አምስት ጨረሰ። የሻረግ ውሃ ዳር አረፍ ባልን ቁጥር የልጁን ግንባር ትዳስሳለች። "ሰውነቱ ይሞቀኛል" አለችኝ። "ቆላ ነው፣ የማናችን ይቀዘቅዛል?" አልኋት። ማታ ጡት ይዞ ወዲያው ይለቅ ጀመር።

ረቡዕ ጣሊያን ከሚያሠራው አውራ ጎዳና ወጣን። ያን ጊዜ ወጀት ይሉት የነበረው፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የተባለው ከተማ አጠገብ ነው። ስለዚህ መንገድ የሰማችሁት ሁሉ እውነት ነው። እኛ ቋሪት መንገድ የምንለው ፍየል ያስለመደችውን ነው፤ ይኸ ግን ድንጋይ ተከስክሶ፣ ተነጥፎ፣ ተደልድሎ እንደ አውድማ የተኛ ነው። አንድ ካሚዮን እያጓራ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ውዴ ከአህያዋ ወርዳ እጀ ጠባቤ ውስጥ ልትገባ ደረሰች። ሹፌሩ ጣሊያን ነው፣ አቧራ የለበሰ፣ ደክሞት ዓይኑ የቀላ። ምን እንደታየው እንጃ፣ ከኪሱ ጋሌጣ፣ ያን ደረቅ ዳቦ፣ አውጥቶ ሰጣት። ረቡዕ ነው፤ ቅቤ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቀው የጋገረው ነው። ነጥቄ ለመንገድ ውሻ ወረወርሁት። ልጅቱ አለቀሰች።

"ኧረ ልጅ አይጾምም" አለች የሻረግ።

"ትልመድ" አልሁ።

እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ሕግ ከጠየቀው በላይ መጨመር የጽድቅ ይመስለኝ ነበር።

ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው ኬላ ላይ የጣሊያን ባንዶች የይለፍ ወረቀት ጠየቁን። የለንም። አስተርጓሚው "ወረቀት የሌለው ድንጋይ ይሰብራል፤ በቅሎዋም ድንጋይ ታመላልሳለች፤ ነገ ማታ ትለቀቃላችሁ" አለ። የሻረግን አወረዷት። አራስ ናት፣ ልጁ ታሟል ብል ማን ሰምቶኝ። እኔና አለምነህ ወደ ድንጋዩ ተነዳን፣ እሷ ልጁን አቅፋ፣ ውዴን አስከትላ፣ ሁለቱን አህዮች እየነዳች ከመንገዱ በላይ ወደምትታየው ቤት ሄደች። ዞር ብዬ ሳያት ጎበጥ ብላ ነበር የምትሄደው።

ያቺ ቤት የመምሬ ይርዳው ሆና ተገኘች። የዚያው ደብር ቄስ ናቸው። ሐሙስ ማታ እጃችን ደም እያዠ ተለቀን ስንደርስ ሚስታቸው ለየሻረግ የአጃ አጥሚት ሠርተው፣ የልጁን ጨርቆች አጥበው አስጥተው አገኘን። አህዮቻችን ድርቆሽ ተሰጥቷቸዋል። እኛ አገር ቄስ ቤት የሚኬደው እንቁላል ተይዞ ነው፤ እዚህ ባዶ እጃችንን መጥተን ቤቱ የኛ ሆነ። መምሬ አጠገቤ ተቀመጡና ልጁን በዓይናቸው አሳዩኝ። በእናቱ ጉልበት ላይ ተኝቷል። አያለቅስም። ያን ጊዜ የተሻለው መስሎኝ ነበር።

"ልጄ፣ ይኸ ሕፃን ታሟል" አሉኝ። "ነገ ጧት ላጥምቀው።"

"አርባው የሚሞላው እኮ ቅዳሜ ነው፣ አባ።"

"አርባ ለደኅና ልጅ ነው። ለታመመ ቀን የለውም። ሕጉ እንደዚህ ነው የሚለው፤ እኔ የጨመርሁት የለም።"

"ክርስትና አባቱስ? ቡሬ ይጠብቀኛል።"

"ዲያቆናችን ያነሣዋል። ወዳጅህ ደግሞ ሰው ከሆነ ይገባዋል።"

የሻረግ ቀና ሳትል "እሽ በሉ" አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "በሞቴ፣ እሽ በሉ።"

ምን እንዳሰብሁ እውነቱን ልጻፍ። አንደኛ፣ ለዘለቀ የሰጠሁት ቃል ነው። ደግሞም ያለ ቀኑ ማስጠመቅ ልጁን ይሞታል ብሎ መቀበል መሰለኝ፤ በገዛ ልጄ ላይ ማሟረት። ከሁለቱም በታች ደግሞ ያ ማርና ያ ቅቤ ነበር፤ ሁለት ቀን ለማይሞላ መንገድ ብዬ ድግሴን ሜዳ ላይ ልበትነው? ይህን ሁሉ ግን አልተናገርሁም። አፌ ላይ የመጣልኝ ሰው ሁሉ የሚለው ነው።

"ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ፣ አባ?" አልሁ።

መምሬ "ይባላል" አሉ። "ይህን ያለው ሰውዬ ልጅ የነበረው ግን አይመስለኝም።"

እኔም ሳቅ አልሁ። የእግዜር ያለህ፣ ሳቅሁ። "ሁለት ሌሊት ናት፣ እንደርሳለን" ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። የሻረግ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባል ከተናገረ በኋላ የማትመልስ ጨዋ ሴት ናት ብዬ ሁልጊዜ የምኮራባት ነበረች።

ዓርብ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። በቅሎዋ ድንጋይ ስትሸከም ውላ ስለደከመች እየቆመች ታስቸግራለች። የመምሬ ሚስት ለመንገድ ብለው የሱፍ ፍትፍት በአገልግል ቋጥረው ሰጡን። ማንኩሳን ስናልፍ ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ነበረች። አገሩ ለጥ ያለ ነው፣ እህሉ ያማረ ነው፣ ውሃው በየቦታው ይፈሳል። ከኛ ዳገትና ጭንጫ ጋር ሳስተያየው ለምን እዚህ አልተወለድሁም አልሁ። አለምነህ በበቆሎው ቁመት ይደነቃል፣ ውዴ ካሚዮን ስታይ አሁን ትቆጥራለች። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ እንደ ነበር እንድታውቁት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ቡሬ ቀርባለች።

"አውርዱኝ" አለች የሻረግ።

ከአንድ ግራር ሥር አወረድኋት። ጡቷን ሰጠችው፣ አልያዘም። አፉን በጣቷ ከፈት አደረገችው፣ ወተቱ በጉንጩ ወረደ። "ተኝቷል" አልኋት። ልጁ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ከዚያ ቆየ፣ ከዚያ ደግሞ ተነፈሰ። "ተኝቷል" አልሁ እንደገና። አለምነህ የውሃውን ቅል ከጭነቱ ላይ ፈትቶ እየሮጠ አመጣልኝ።

"አያ፣ አንተ እኮ ዜማ ተምረሃል። በስመ አብ ብለህ አፍስስበት!"

"ሥልጣን የለኝም" አልሁት። "ቄስ ነው የሚያጠምቅ።"

"አፍስስበት አያ!"

ቅሉን በእጄ ይዤ ቆምሁ። ሥልጣን የለኝም እንዳልሁ ነው ልጁ ያለፈው። ኋላ የቡሬን ቄስ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ባፈስበትም ጥምቀት አይሆንም ነበር አሉኝ። ሲሉኝ ጥቂት ቀለለኝ፤ ስለ ቀለለኝም አፈርሁ። ምክንያቱም ያን ሰዓት የቆምሁት ሕጉን አውቄ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

የሻረግ አላለቀሰችም። በነጠላው ጠቀለለችውና "አውጡኝ" አለች፣ በቅሎዋ ላይ ማለቷ ነው። እንደ ሕያው ታቅፋው ቀሪውን መንገድ ሄድን። መንገደኛ ሲያጋጥመን "እንዴት ዋላችሁ" ይለናል፣ "እግዜር ይመስገን" እንላለን።

ቡሬ ስንገባ ሊመሽ ሲል ነበር። ስለ ቡሬ እንድጽፍላችሁ የምትፈልጉ ታዝኑብኛላችሁ፤ ከተማውን አላየሁትም። ያየሁት የዘለቀን ግቢ ነው። ዳስ ተጥሏል፣ ጠላ ተጠምቋል፣ አንድ ሙክት ታስሯል። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩን እልልታውን አቀለጡት። ዘለቀ ነጭ ጋቢውን ለብሶ እጁን ዘርግቶ "አበልጄ! እንኳን ደኅና መጣህ!" እያለ መጣ። የሻረግ ከበቅሎዋ ሳትወርድ ልጁን ዝቅ አድርጋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ነጠላውን ገለጥ አደረገው። ከኋላው ያሉት ሴቶች ነገሩ ስላልገባቸው ለጥቂት ጊዜ እልል ማለታቸውን አልተዉም ነበር።

ቅዳሜ፣ አርባ ቀኑ በሞላ ዕለት ቀበርነው። የቡሬው ቄስ ክፉ ሰው አይደሉም። "እግዚአብሔር አይቀበለውም አልልም፤ እኔ ግን ልፈታው አይቻለኝም" አሉ። ፍትሐት አልተደረገለትም፣ ከቅጥሩም አልገባም። ከደብሩ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ቆፈርን። ዘለቀ ዶማውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። ጉድጓዱ ትንሽ ስለሆነ ለሁለት ሰው አይበቃም፤ እሱ ይቆፍራል፣ እኔ አፈሩን በእጄ አወጣለሁ። ሙክቱና ጠላው ለለቅሶኛ ሆኑ። ያመጣሁት ማርና ቅቤም እዚያው ቀረ።

ከቀብር መልስ ዘለቀ ለብቻችን አድርጎ "እንዲህ ታሞ ኖሮ፣ በመንገድህ አንድ ቄስ አጣህ?" አለኝ።

"አላጣሁም። ቃል ሰጥቼሃለሁ ብዬ ነው።"

"ቃል የሰጠኸኝ ልጅ እንዳገኝ እንጂ እንዳጣ ነው?" አለ። "ሌላ ሰው ክርስትና አንሥቶት ብትመጣ አኮርፍህ ነበር። እውነቴን ነው፣ አኮርፍህ ነበር። ሦስት ቀን። ሦስት ቀን አኩርፌ ይወጣልኝ ነበር።" ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እንደ ሴት አለቀሰ። እኔ የዚያን ሰው ሦስት ቀን ኩርፊያ ፈርቼ ኖሯል ልጄን የከለከልሁት።

ዘለቀ ጋ ዐሥር ቀን ተቀመጥን። መብል አላነሰንም፤ ጎረቤቱ ሁሉ በተራ ይዞ ይመጣል፣ የማያውቁን ሰዎች እንደ ዘመድ ያስተዛዝኑናል። ከየሻረግ ጋር ስለ እንጀራው፣ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ውዴ ጉንፋን እንነጋገራለን። "አንቱ" ማለቷን አልተወችም፣ ውሃ ስጪኝ ስላት ትሰጠኛለች። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን የለም።

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ዘለቀ በሚያውቃቸው ሰዎች በኩል የይለፍ ወረቀት ስላወጣልን ኬላው አልነካንም። እኔ የምፈራው ከኬላው በላይ ያለችውን ቤት ነው። መምሬ ቤተ ክርስቲያን ቢሆኑ እያልሁ እየጸለይሁ ደረስን፤ እሳቸው ግን ከመንገዱ ዳር ቆመው በሬ ሲያስሩ አገኘናቸው። የሻረግ ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በቅሎዋ ላይ ጎብጣለች፤ ልጁ ከጋቢው ሥር መስሏቸዋል። ገመዱን ጥለው እየሳቁ ወደ እኛ መጡ።

"ተመስገን! ስሙን ማን አላችሁት?" አሉ። "የክርስትና ስሙን ንገሩኝ እንጂ። በቅዳሴ ጊዜ የደጋው ሕፃን እያልሁ ነው የማስበው፤ እንዲህ ያለ ጸሎት አያምርም።"

አለምነህ መሬት መሬት አየ። የሻረግ ጋቢዋን ሳትገልጥ "እሳቸውን ይጠይቁ፣ አባ" አለች።

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግታቸው ገና አልጠፋም፤ ስሙን ነው የሚጠብቁት።

"ስም የለውም" አልሁ። "ሳይጠመቅ ሞተ። እናቱ እሽ ብላ ነበር፣ እርስዎም ብለው ነበር፣ የከለከልሁት እኔ ነኝ።"

ሚስቴ ባለችበት ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። መምሬ መስቀላቸውን ከጉያቸው አውጥተው የሻረግን አሳለሟት፣ ውዴን፣ አለምነህንም። ወደ እኔ ሲመጡ አንገቴ አልነሣ አለኝ። ጥቂት ጠበቁኝና መስቀሉን ግንባሬ ላይ ራሳቸው አሳረፉት። ቀና ስል የሻረግ በቅሎዋን ኮልኩላ ብቻዋን ወደ ብር ወንዝ መንገድ ወርዳለች፤ እኔም አህዮቹን ነድቼ ከኋላዋ ተከተልኋት።